የጀልባ መብራት ወደ ኤልኢዲ፦ አምፖሉን ብቻ ብለውጥ ሕጉ ይቀበለኛል?

ሽቦ ቀጣዩ (ደብረ ብርሃን) · ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 2:15

ሰላም ለዚህ ቤት። መጀመሪያ ሳትስቁ አንብቡልኝ።

የመኪና ኤሌክትሪሻን ነኝ። ግቢዬ ውስጥ ጀልባ ቆሟል። አዎ፣ ጀልባ፣ ደብረ ብርሃን ላይ። የአጎቴ ልጅ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። ላንጋኖ ላይ ቤተሰቡን የሚያዝናናበት ያገለገለ የፋይበር ጀልባ ገዛ። ርዝመቱ 5 ሜትር ከ40 ነው፣ ሞተሩ 40 የፈረስ ጉልበት። ሽቦውን ግን አይጥ ጨርሶታል። “ካንተ ሌላ የማምነው ሰው የለም” ብሎ በተጎታች ጭኖ አመጣብኝ። ሰፈሩ ሁሉ አጥሬ ላይ ተንጠልጥሏል። አንዲት እናት ቀስ ብለው ቀርበው “ልጄ፣ የሰማኸው ነገር ካለ ለእኛም ንገረን” አሉኝ።

ሽቦው አያስቸግረኝም። 12 ቮልት የትም 12 ቮልት ነው። የቸገረኝ መብራቱ ነው። አፍንጫው ላይ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ አረንጓዴ የሆነ አንድ መብራት አለ። ከኋላ ደግሞ ዘንግ ላይ ነጭ አለ። ውስጣቸው ያለው ባለ 10 ዋት የክር አምፖል ነው። ባትሪ ይበላል፣ ተንገጫግጮም ይበጠሳል። እኔ ለባጃጅ የምገጥማት ባለ ብዙ ዓይን ኤልኢዲ አለች፤ እዛው ሶኬት ላይ ልክክ ትላለች። ሞከርኳት፣ ግቢው ቀን ሆነ።

የአጎቴ ልጅ ግን “ልጆቼን ነው የምጭነው፣ ሕጋዊ ይሁን” አለኝ። የጀልባ መብራት ሕግ አለው እንዴ? አምፖሏን ብቻ ብለውጥስ ምን ችግር አለው?

ቆሎ በኪሴ (ደብረ ሲና) · ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 2:31

ክረምቱ እኮ ወጣ፣ አባ ኖኅ። ዘገየህ።

አራዳው ዘጫጫ · ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 2:50

ወንድሜ ራስህን አታስጨንቅ። ላንጋኖ መሀል ማን መጥቶ አምፖልህን ይፈታል? ኤልኢዲዋን ግጠም፣ ሒሳብህን ተቀበል። በደንብ ከበራ በራ ነው።

ባሕረኛው ከመንዝ · ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 4:05

ሽቦ ቀጣዩ፣ የመርከብ ኤሌክትሪሻን ነኝ። አሁን እረፍት ላይ መሐል ሜዳ ቤተሰብ ጋር ነኝ። ኔትወርኩ ብቅ ጥልቅ ስለሚል ብዘገይ አትቀየመኝ። ይህ የምትጠይቀው ነገር የዕለት እንጀራዬ ነው።

ሕግማ አለው። በ1972 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ከሐምሌ 1977 ጀምሮ የሚሠራበት የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ አለ። እኛ ኮልሬግ ነው የምንለው። ለሐይቅ እንዴት እንደሚሆን ሌላ ሰው ይመልስልህ፤ እኔ ባሕሩን ልንገርህ።

መጀመሪያ ይህን ከጭንቅላትህ አውጣ፦ ይህ መብራት አንተ እንድታይበት አልተሠራም። ፓውዛ አይደለም። ሌላው ሰው አንተን አይቶ ወዴት እንደምትሄድ እንዲያውቅ ነው። ቀይ በግራ፣ አረንጓዴ በቀኝ። እያንዳንዳቸው ከአፍንጫው ቀጥታ ጀምረው፣ ጎኑን አልፈው፣ ትንሽ ወደ ኋላ እስከ 112.5 ዲግሪ ድረስ ብቻ ይታያሉ። ከዚያ ጥፍት። የኋላው ነጭ 135 ዲግሪ ነው። ከምሰሶ ላይ ወደ ፊት የሚያበራው ነጭ 225። እስቲ ደምራቸው። 225 እና 135 ሙሉ ክብ ይመጣልሃል። ሁለት ጊዜ 112.5 ደግሞ 225 ነው። ስለዚህ ሰው ከየትም ይምጣ አንድ ነገር ያያል፤ ካየው ነገር ደግሞ አቅጣጫህን ያነባል። ቀይ ብቻ ካየ ግራ ጎንህን እያየ ነው። ቀይና አረንጓዴ አንድ ላይ ካየ እየመጣህበት ነው፣ ይሽሽ።

ያንተ ጀልባ ከ12 ሜትር ስለሚያንስ ሁለቱን ነጮች በአንድ ዙሪያውን በሚያበራ ነጭ መተካት ይፈቀድለታል። ዘንጉ ላይ ያለህ እሱ ነው። ከቀይና አረንጓዴው ቢያንስ 1 ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ ለካው። ከ7 ሜትር የሚያንስ፣ ፍጥነቱም ከ7 ኖት (በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ገደማ) የማያልፍ ጀልባ ነጩ ብቻ ይበቃዋል፤ ቀይና አረንጓዴውን የሚጠየቀው ከተመቸው ነው። ለአንተ ግን አይሠራም። 40 ፈረስ ታጥቆ 7 ኖት የሚል ሰው አላየሁም።

አሁን ስለ ብርሃኑ ጉዱን ስማ። ለአንተ መጠን ነጩ ከ2 ባሕር ማይል፣ ቀይና አረንጓዴው ከ1 ባሕር ማይል መታየት አለባቸው። አንዱ ባሕር ማይል 1852 ሜትር ነው። ለ2 ማይል የሚጠየቀው 4.3 ካንዴላ ነው። ለ1 ማይል 0.9። አንድ ካንዴላ ማለት በግምት የአንድ ሻማ ብርሃን ነው። አረንጓዴህ አንድ ሻማ እንኳ እንዲሞላ አልተጠየቀም! ልብ በል፣ የሚለካው ከባለ ቀለሙ ሌንስ ከወጣ በኋላ ነው። ግቢህ ቀን ሆነ አልክ። ደንቡ ግቢ ቀን ይሁን አላለም። እንዲያውም ዓይን እንዳያጭበረብር ከልክ አይለፍ ይላል።

አምፖሏን ብቻ ስትለውጥ ምን ይበላሻል? ሌንሱና መጋረጃው የተሠሩት ለአንዲት ቀጭን፣ ቀጥ ብላ ለቆመች ክር ነው። ብርሃኑ ከአንድ ቀጭን ቦታ ስለሚመነጭ ጠርዙ ላይ ሲደርስ በቢላ እንደተቆረጠ ይቆማል። ያንተ የባጃጅ ኤልኢዲ የበቆሎ ራስ ይመስላል፤ ዙሪያውን ዓይን ነው። ብርሃኑ ከአንዲት ክር ሳይሆን ከወፍራም በቆሎ ይመነጫል። ጠርዙ ይዝረከረካል። ቀዩ ወደ አረንጓዴው ክልል ይገባል፣ አረንጓዴውም ወደ ቀዩ።

የደሴ መስመር · ጥቅምት 12፣ ከጠዋቱ 1:20

ለአራዳው ዘጫጫ ነው ይቺ። “ከበራ በራ ነው” ላልከው።

ይሄን መስመር ከደርግ ጊዜ ጀምሮ ነድቼዋለሁ። አንድ ሌሊት ከዋሻው ወጥቼ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ያዝኩ። የጣርማ በርን ጉም የምታውቀው ታውቀዋለህ፤ የራስህ መኪና አፍንጫ አይታይም። ከፊቴ ሁለት ቀይ መብራት አየሁ። እሰይ፣ ከፊት የሚሄድ ሰው አገኘሁ አልኩ። መንገዱን ያሳየኛል ብዬ ጠጋ ጠጋ አልኩለት። ቀዩ ቶሎ ቶሎ ተለቀብኝ። ለካ አይሱዙ ነው፤ ሽቅብ ወደ እኔ እየመጣ! ሹፌሩ ግንባሩ ላይ ለጌጥ ቀይ ኤልኢዲ አስሮ፣ የፊት መብራቱን በጉሙ ምክንያት ቀንሶታል። ወደ ተራራው ጥግ ገጨሁ። ገደሉ በሌላኛው በኩል ስለነበር ነው ዛሬ የምጽፍልህ።

መብራቱ በርቷል። በደንብ በርቷል። ግን የዋሸ መብራት ነው። ከጠፋ መብራት የዋሸ መብራት ይብሳል፤ ከጠፋውማ ትጠነቀቃለህ።

አራዳው ዘጫጫ · ጥቅምት 12፣ ከጠዋቱ 3:02

ጋሼ እግዜር አተረፈዎት። እሱስ እውነት ነው። ግን ላንጋኖ ላይ ጉም የለ፣ ገደል የለ። ሁለት ጀልባ ቢኖር ነው።

ሽቦ ቀጣዩ · ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 1:10

ጋሼ፣ ታሪክዎ ጨረሰኝ። እኔ ራሴ እኮ ነኝ እንደዛ ያለ ገመድ ለአይሱዙ የምገጥመው። ከዛሬ ጀምሮ ከፊት ቀይ አልገጥምም።

ባሕረኛው፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ሌላ ግቢ ቀዩን አምፖል ለቀይ፣ አረንጓዴውን ለአረንጓዴ ሲገጥሙ አይቻለሁ። እኔ ያለኝ ነጭ ኤልኢዲ ነው። ሌንሱ ባለቀለም ከሆነ ነጭ ብርሃን ምን አለው?

መምህርት ዘደብረ ሲና · ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 2:44

ፊዚክስ አስተምራለሁ። ይህቺን ለእኔ ተዉልኝ።

አሮጌ ሲዲ ፈልግ። የመዝሙርም ይሁን የፊልም ግድ የለም። ቤቱን አጨልምና መጀመሪያ የክር አምፖል አብራ፤ የሲዲውን አንጸባራቂ ጎን ወደ ብርሃኑ ዘንበል አድርገህ ቀስተ ደመናውን እይ። ከቀይ እስከ ወይን ጠጅ ሳይቋረጥ ይፈስሳል፤ በተለይ ቀዩ ወፍራም ነው። አሁን ነጩን ኤልኢዲ አብራ። ሰማያዊው ደምቆ ብቻውን ይቆማል፣ ከጎኑ ጠቆር ያለ ክፍተት አለ፣ ከዚያ አረንጓዴና ቢጫው ይመጣል፣ ቀዩ ግን ጫፉ ላይ ይሳሳል። ተማሪዎቼ ይህን ሲያዩ ሁልጊዜ “ቲቸር፣ ሰማያዊ ነው እንዴ?” ይላሉ። አዎ፣ ሰማያዊ ነው። ነጭ ኤልኢዲ የምንለው ሰማያዊ የሚያበራ ቺፕ ላይ ቢጫ ዱቄት ተቀብቶ ነው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ዓይናችን ነጭ ነው ይላል።

ቀይ ሌንስ ቀለም አይፈጥርም። ወንፊት ነው፤ ያለውን ቀይ ያሳልፋል፣ ሌላውን ያስቀራል። ኤልኢዲህ ጥልቅ ቀይ ካነሰው ወንፊቱ ምን ያሳልፍልሃል? ስለዚህ ግቢውን ቀን ያደረገው አምፖል ከቀይ ሌንስ ጀርባ ሲገባ ይደክማል፣ ወደ ብርቱካንም ሊያዘነብል ይችላል። አረንጓዴው ደግሞ ሰማያዊ ይበዛበታል። ዓይንህ “አረንጓዴ ነው” ሊልህ ይችላል። ደንቡ ግን የእያንዳንዱን ቀለም ወሰን በቁጥር ነው ያሰፈረው፣ በዓይን ግምት አይደለም።

ባሕረኛው ከመንዝ · ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 5:30

መምህርት እግዜር ይስጥልን። ከዚህ በላይ ያስረዳኝ ሰው የለም፣ መርከብ ላይም ጭምር።

ሽቦ ቀጣዩ፣ አሁን ወደ “ሕጋዊ ነው ወይ” እንምጣ። የሚጸድቀው አምፖል ብቻውን አይደለም። ቤቱ፣ ሌንሱና አምፖሉ አንድ ላይ ተለክተው ነው የሚያልፉት። አሜሪካኖቹ ይህን በደንብ አስረው ይዘውታል። ከኅዳር 2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ ለሚሠራ የመዝናኛ ጀልባ የሚገጠም መብራት ተመርምሮ ማለፍ አለበት። መለያው ላይ ወይም ካርቶኑ ላይ የአምራቹ ስምና ሞዴሉ፣ ማን እንደመረመረው፣ ከስንት ማይል እንደሚታይ፣ መቼ እንደተመረመረ ይጻፋል። ከሁሉም የሚጠቅምህ ግን ይሄ ነው፦ ሲመረመር የነበረው አምፖል የትኛው እንደሆነም ይጻፋል። እሱን አውጥተህ የባጃጅ በቆሎ ስትከትበት ያ ወረቀት የሌላ መብራት ወረቀት ሆነ። የመታወቂያህን ፎቶ ቀይሮ እንደመለጠፍ ነው።

ኤልኢዲ አትግጠም እያልኩህ አይደለም። እኔ ራሴ ኤልኢዲ ነው የምወደው። ግን ሙሉውን፣ ከነቤቱ ለኤልኢዲ የተሠራውን ግዛ። ቀዩ በቀይ ቺፕ፣ አረንጓዴው በአረንጓዴ ቺፕ የሚበራ፣ ታሽጎ የመጣ፣ የማይፈታ።

አራዳው ዘጫጫ · ጥቅምት 13፣ ከጠዋቱ 2:15

መርካቶ ብትሄድ ማንኛውንም ወረቀት ለጥፈው ይሸጡልሃል። የፈለግከውን ማኅተም። ታዲያ ወረቀት ምን ይሠራል?

ሽቦ ቀጣዩ · ጥቅምት 13፣ ከቀኑ 6:40

ይቺ ግን ጥሩ ጥያቄ ናት። ወረቀቱን ትቼ በዓይኔ የማረጋግጥበት መንገድ የለም?

ባሕረኛው ከመንዝ · ጥቅምት 13፣ ከምሽቱ 3:18

ቀለሙንና ካንዴላውን ያለ መሣሪያ በትክክል አትለካውም። ጠርዙን ግን ትችላለህ። ቀይና አረንጓዴው ከፊት በኩል ክልላቸውን ካለፉ በኋላ ከ1 እስከ 3 ዲግሪ ውስጥ መጥፋት አለባቸው። በ50 ሜትር ርቀት 3 ዲግሪ ማለት 2 ሜትር ከ60 ገደማ ነው። ሜዳ ካለህ፣ ገመድ ካለህ፣ ሌሊት ካለህ ይበቃሃል። የጎኑ ጠርዝ ላላ ይላል፤ እዛ እስከ 5 ዲግሪ ይፈቀዳል።

ሽቦ ቀጣዩ · ጥቅምት 15፣ ከጠዋቱ 12:50

ጓዶች፣ ትናንት ማታ ያደረግነውን ልንገራችሁ። እጄ ገና አልሞቀም።

ጀልባውን ከነተጎታቹ ኳስ ሜዳ ወሰድነው። የልጄን ፕሮትራክተር ከጂኦሜትሪ ሳጥኗ ሰረቅኩ። ከአፍንጫው ቀጥታ 50 ሜትር ሲባጎ ዘረጋን። ጫፉ ላይ በኖራ መስመር አሰመርኩ፤ ከመሀሉ በግራም በቀኝም 2 ሜትር ከ60 ላይ ደግሞ ወፍራም ምልክት። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን የደብረ ብርሃን ብርድ እንደምታውቁት ነው፤ ረዳቴ ጋቢ ለብሶ ላይ በላዩ ብርድ ልብስ ደርቧል።

መጀመሪያ የድሮውን ክር አምፖል አበራን። በኖራው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያልኩ ሄድኩ። ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ... መሀሉ ጋ ስደርስ አረንጓዴው ብቅ አለ። ሁለቱ አብረው የታዩኝ ለሦስት አራት እርምጃ ነው። ከዚያ ቀዩ ድርግም ብሎ ጠፋ፣ ወፍራሙ ምልክት ጋ ሳልደርስ! ይህን የሠራ ሰው እጁ ይባረክ።

ቀጥሎ የእኔ ኤልኢዲ። ያው ጉዞ። መሀሉን አለፍኩ፣ ቀዩ አለ። ወፍራሙን ምልክት አለፍኩ፣ አለ። ኖራው አለቀ፣ አሁንም አለ። ከመሀሉ 14 እርምጃ ሄጄ ነው የደበዘዘው። ዲግሪውን ባሕረኛው ያስላልኝ። ያ ሁሉ ቦታ ላይ የቆመ ሰው “በቀጥታ እየመጣብኝ ነው” ይላል፤ ጀልባው ግን አጠገቡን ሊያልፍ ነው።

ቀለሙ ደግሞ መምህርት እንዳሉት ነው። ረዳቴን “ምን ቀለም ነው?” አልኩት። “ጋሼ፣ ያልበሰለ ቲማቲም” አለኝ።

ባሕረኛው ከመንዝ · ጥቅምት 15፣ ከጠዋቱ 4:00

14 እርምጃ 10 ሜትር ነው ብንል 11 ዲግሪ ይሆናል። ከተፈቀደው ከሦስት እጥፍ በላይ። እንዲህ ያለ ልኬት ብዙ የመዝናኛ ጀልባ ባለቤት በሕይወቱ አያደርግም። እኔም ስንት ዓመት ስሠራ በኖራ ለክቼ አላውቅም።

መምህርት ዘደብረ ሲና · ጥቅምት 15፣ ከቀኑ 7:12

የሚቀጥለው ዓመት የዲግሪ ትምህርቴን አገኘሁ። ፕሮትራክተሩን ግን ለልጅቷ መልስላት።

ከአጣዬ እስከ ሐዋሳ · ጥቅምት 15፣ ከምሽቱ 2:25

ዘግይቼ ገባሁ። የአጣዬ ልጅ ነኝ፣ አሁን ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ጀልባ እነዳለሁ። የሐይቁን ነገር ማንም ስላልመለሰ ልመልስ።

ኮልሬግ በራሱ አንቀጽ የሚለው በባሕር ላይና የባሕር መርከብ ሊገባበት በሚችል፣ ከባሕር ጋር በተገናኘ ውሃ ላይ ነው የምሠራው ነው። ላንጋኖ ትርፍ ውሃውን ወደ አብያታ ይልካል፣ አብያታ እዛው ይቀራል። ባሕር አያይም። ስለዚህ “ኮልሬግ ያስገድደኛል” ማለት አትችልም። ሐይቅ ላይ የሚያዝዘው የአገር ሕግ ነው። በአገራችን የውሃ ላይ ትራንስፖርት የሚመለከተው የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ነው። የአጎትህ ልጅ ጀልባውን ሲያስመዘግብ ስለ መብራቱ አስቀድሞ ይጠይቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል። ከተገዛ በኋላ መጠየቅ ኪሳራ ነው።

ግን በኮልሬግ ልክ ከገጠምክ ማንም አይቆጣህም። ሐይቁ ላይ የሚመጣብህ ሰው የሚያውቀው ቋንቋ ያው ቀይና አረንጓዴ ነው።

አራዳው፣ “ሁለት ጀልባ ቢኖር ነው” ላልከው፣ የአሣ አጥማጁን አልቆጠርክም። በሌሊት መረብ የሚጥለው ሰው ሞተር የለው፣ ባትሪ የለው፣ ያለው ባትሪ ድንጋይ የምትጎርስ የእጅ መብራት ነች። ደንቡም ይህን ያውቃል፤ በመቅዘፊያ የሚሄድ ታንኳ ቀይና አረንጓዴ መስቀል ካልቻለ የእጅ መብራት አዘጋጅቶ ግጭት ሳይደርስ በጊዜ ያሳይ ነው የሚለው። እሱ ያቺን መብራት የሚያነሳው ያንተን ቀይ ወይም አረንጓዴ አይቶ ነው። ጎኑን የምታልፈው መስሎት ዝም ቢል፣ አንተ ደግሞ በ40 ፈረስ... ሌላውን አልጨርሰውም።

ጉማሬውን በተመለከተ ደንቡን አልፈረመም።

አራዳው ዘጫጫ · ጥቅምት 15፣ ከምሽቱ 2:58

እሺ ተሸነፍኩ። አሣ አጥማጁን አላሰብኩትም ነበር።

ሽቦ ቀጣዩ · ጥቅምት 17፣ ከምሽቱ 1:45

አዲስ ችግር። ኖራውን ያየው የአጎቴ ልጅ ሙሉውን ኤልኢዲ ከነቤቱ ለመግዛት ተስማማ። ግን ልጆቹ ጀልባው ሥር ዙሪያውን ሰማያዊ ገመድ መብራት ይገጠምልን ብለው አለቀሱ። ውሃው ውስጥ ሲበራ ቪዲዮ አይተዋል። ይቻላል?

ሌላም አለ። የባጃጅ ኤልኢዲ ሲበራ ኤፍኤም ሬዲዮው ሽሽሽ ይላል። ጀልባ ላይም እንዲህ ያደርጋል?

ባሕረኛው ከመንዝ · ጥቅምት 17፣ ከምሽቱ 4:40

ገመዱን ለልጆቹ እንዲህ በላቸው፦ ቆሞ፣ ታስሮ፣ ዳር ላይ ሻይ ስትጠጡ አብሩት። ሲሄድ አይሆንም። ከፀሐይ መጥለቂያ እስከ መውጫ ደንቡ የሚፈቅደው የተባሉትን መብራቶችና ከእነሱ ጋር የማይምታቱትን፣ የማይሸፍኗቸውንም ብቻ ነው። ውሃው ላይ ተበትኖ የሚያበራ ሰማያዊ ቀዩንም አረንጓዴውንም ይውጣቸዋል። የነጂውንም ዓይን ያሳውራል። ማብሪያውን ለብቻው አድርግና ከሞተሩ ቁልፍ ጋር እንዳይበራ እሰረው፤ ይህን ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሬዲዮው እውነት ነው፣ ቀልድ አይደለም። ጥፋቱ የዓይኖቹ ሳይሆን ቮልቱን የምታስተካክለው ትንሿ ሰርኪት ነች። ርካሿ ትጮኻለች። የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ በነሐሴ 2018 እ.ኤ.አ. ይህንኑ አስመልክቶ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ ኤልኢዲ መብራት የመርከብ ሬዲዮ ያፍናል፣ ሰው ርዳታ ቢጠራ እንዳይሰማ ያደርጋል ብሎ። መሞከሪያው ቀላል ነው። መብራቱን አጥፋ፣ ሬዲዮውን ጸጥ ያለ ቻናል ላይ አድርግ፣ የጩኸት ማፈኛውን ሽሽታው ልክ እስኪጠፋ ብቻ አዙር። አሁን መብራቱን አብራ። ሽሽታው ከተመለሰ ጥፋተኛው መብራቱ ነው። የአጎትህ ልጅ ሬዲዮ ከሌለው በኤፍኤም ሞክረው፣ ፍንጭ ይሰጥሃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ኤልኢዲ እንደ ክር አምፖል ድንገት አይበጠስም፣ ይደክማል። ዛሬ 2 ማይል የነበረው ከዓመታት በኋላ በርቶም ላይደርስ ይችላል፤ አንተ ግን በርቷል ነው የምትለው። ለትልልቅ መርከቦች በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው መስፈርት ኤልኢዲው ከሚፈለገው በታች ሲደክም የሚጮኽ ነገር ይኑረው፣ አለዚያ ዕድሜው ሳያልቅ ይለወጥ ይላል። ለትንሽ ጀልባ ያን ያህል አያስፈልግም። የገጠምክበትን ቀን ግን በማርከር ቤቱ ሥር ጻፍበት።

የደሴ መስመር · ጥቅምት 18፣ ከጠዋቱ 1:05

ባሕረኛው፣ ያ 2 ማይል በጉምም ነው?

ባሕረኛው ከመንዝ · ጥቅምት 18፣ ከምሽቱ 1:30

አይደለም ጋሼ። ቁጥሩ የተሰላው 13 ባሕር ማይል ገደማ ለሚያሳይ ጥርት ያለ አየር ነው። በእርስዎ ጣርማ በር ጉም 2 ማይል የተባለው መብራት 20 ሜትር ላይደርስ ይችላል። ለዚህ ነው ባሕር ላይ ጉም ሲወርድ ቀን ቢሆንም መብራት የምናበራው፣ ፍጥነት የምንቀንሰው፣ መለከትም የምንነፋው።

የደሴ መስመር · ጥቅምት 18፣ ከምሽቱ 1:52

ጡሩምባውንስ እኛም እናውቅበታለን።

ሽቦ ቀጣዩ · ኅዳር 3፣ ከምሽቱ 2:20

ያለቀውን ልንገራችሁና ክሩን ልዝጋ።

መብራቱ በሚያውቁት ሰው በኩል ከውጭ መጣ። የአፍንጫው ሁለት ቀለም ታሽጎ የመጣ ነው፣ የኋላው ዙሪያውን ነጭ። ካርቶኑ ላይ የተመረመረበት ቀን አለ፣ ማይሉ አለ። አራዳው ወረቀት አታምን ስላለኝ እንደገና ኳስ ሜዳ ወጣን። ኖራውን ዝናብ አጥቦት ነበር፣ እንደ አዲስ አሰመርኩ። ቀዩ ከመሀሉ በሁለተኛው እርምጃ ጠፋ። ልጄ ራሷ መጥታ በፕሮትራክተሯ ለካች፤ ሁለት ዲግሪ ብላለች፣ እኔ እከራከራታለሁ እንዴ? ዘንጉ ያጥር ነበር፣ ከቀይና አረንጓዴው 70 ሴንቲ ብቻ ነበር ከፍ የሚለው። ቀጥዬ 1 ሜትር ከ10 አደረስኩት። ኤፍኤሙም አላጉረመረመም። የገጠምኩበትን ቀን ጽፌበታለሁ።

ዛሬ ሌሊት 11 ሰዓት ጀልባውን ይዘን ወደ አዲስ አበባ ወጣን። ገና ጨለማ ነው። ጫጫ ሳንደርስ ትራፊክ አስቆመን። ጀልባውን ዞሮ ዞሮ አየው። እኔም ልቤ ሞልቶ ስለ 112.5 ዲግሪው ላስረዳው አፌን ከፈትኩ።

“የተጎታቹ የኋላ መብራት አይሠራም” አለኝ።

ወርጄ አየሁ። እውነቱን ነው። ሁለቱም ድርግም ብለዋል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጀልባውን ስለካ ተጎታቹን አንድም ቀን አላየሁትም።

ቆሎ በኪሴ · ኅዳር 3፣ ከምሽቱ 2:29

አባ ኖኅ፣ የጀልባውን መብራት አብርተህለት አታልፍም ነበር?

ሽቦ ቀጣዩ · ኅዳር 3፣ ከምሽቱ 2:41

ጠየቅኩት። “የኋላው ነጭ ነው፣ እኔ ቀይ ነው የምፈልገው” አለኝ። ቅጣቱን ከፈልኩ።